ድልድይ መሃል የሚጠፋው ሞተር

ኦምዱርማን ውስጥ፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ ባለ አንድ የሞተር ሳይክል መጠገኛ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። እዚያ ዋርሻ የሚሉት ጋራዣችን ሦስት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው፤ በአራተኛው በኩል መንገዱ ነው። አቧራ ሲነሳ የሚከለክለው ነገር ስላልነበረ መፍቻው፣ የሻይ ብርጭቆውና የእኛ ቅንድብ አንድ ዓይነት ቀለም ነበራቸው።

ሐቡብ የሚባለው የአሸዋ ማዕበል ባለፈ ማግስት መንገዳችን በሚያስሉ ሞተሮች ይሞላል። እንደ ዱቄት የላመው አሸዋ ማጣሪያውን አልፎ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይገባና ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ለዚህ በሽታ የነበረን መድኃኒት አንድ ነው። ከፍሬን ገመድ የተመዘዘች ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ መክተት፣ በአፍ እፍ ማለት፣ በካቻቢቴ እጀታ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ማድረግ፣ ከዚያ መርገጥ። ሞተሩ ይነሳል። ባለቤቱ «ተማም»፣ ደኅና ነው፣ ብሎ ይሄዳል። ሁሉም አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ሙዓለም፣ ማለትም መምህር፣ እያልን የምንጠራው ሱዳናዊ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይፈጥናል። ደንበኛ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም የሚል ሕግ ነበረው። የተቀመጠ ደንበኛ ሻይ ያዛል፣ ሻይ የያዘ ደንበኛ ያወራል፣ ያወራ ደንበኛ ደግሞ ስለ ሥራችን ምክር መስጠት ይጀምራል ይል ነበር። ደንበኞቹም የዳቦ አመላላሾች፣ ደላሎች፣ መልእክተኞች ስለሆኑ «ያላ፣ ያላ» ማለት እንጂ መቀመጥ አይፈልጉም። ስለዚህ ሽቦዋ ለሁሉም ትስማማ ነበር።

እኔ በመተማ በኩል ካርቱም ስገባ የማውቀው ሥራ አልነበረም። መጀመሪያ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ብሎኬት ተሸከምኩ። ጋራዡ ውስጥ የገባሁት ለመጥረግ ነው። ጥግ ላይ ከተጣሉት ዕቃዎች መሃል አንድ የተሰነጠቀ ካርቡሬተር አንስቼ፣ ሙዓለሙን ለምኜ፣ በፌስታል ይዤው ወደ ቤት ሄድኩ። በአንድ ወር ውስጥ ፈትቼ የገጠምኩትን ጊዜ አልቆጠርኩትም። የክፍሎቹን ስም ስለማላውቅ በደብተር ላይ እየሣልኩ ቁጥር ሰጠኋቸው። ከታች ያለው ቋት ቤንዚኑን ይይዛል። በቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ፕላስቲክ ቋቱ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሳና አንዲት መርፌ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ የሽንት ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ እንደሚሠራው ማለት ነው። ከቋቱ ቤንዚኑ ወደ ላይ የሚሳበው በመሃላቸው በተበሱ ሁለት የነሐስ ቡሎኖች ነው። ትንሿ ሞተሩ ቆሞ ሲንተከተክ ታበላዋለች። ትልቋ ጋዝ ሲሰጠው ታጠጣዋለች። የትንሿ ቀዳዳ የፀጉር ያህል ናት። ሽቦ በከተትንባት ቁጥር እንደምናሰፋት የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ ሰው ነበርኩ።

የምኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ካርቱም ውስጥ ቡሪ በሚባል ሰፈር ነበር። አንድ ቧንቧ ለአራት ክፍል የሚበቃበት፣ ሐበሾች ብቻ የተከራየነው ግቢ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል የወሎ ልጅ፣ ከእኔ አምስት ዓመት ያህል የምትበልጥ ሴት ትኖር ነበር። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በአንድ ሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ሆዷ ሲገፋ ሥራውን ተወች። ባሏ ለወርቅ ቁፋሮ ወደ ሰሜን በረሃ ሄዷል። ኔትወርክ ወዳለበት ሲወጣ ብቻ ይደውላል፤ ይህም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው። እኔን ወንድም ዓለም ትለኛለች፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ከሥራ ስመለስ የተረፈ ወጥ አስቀምጣልኝ «ብላ እንጂ፣ ቤንዚን ጠጥተህ ልታድር ነው?» ትለኛለች።

ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀት፣ አልነበራትም። ሆስፒታል ከሄድኩ በሩ ላይ ወረቀት ይጠይቁኛል ብላ ፈራች። እውነት ይሁን አይሁን አላጣራንም፤ ፍርሃቱ ግን እውነት ነበር። ክፍሏ ውስጥ ለመውለድ ወሰነች፤ ያ ደግሞ እኔን አስፈራኝ።

ከደንበኞቻችን አንዱ ሐጅ የምንላቸው ጡረታ የወጡ አናጺ ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸው ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ጉልበታቸው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይይዙታል። ባለቤታቸው አዋላጅ ናቸው። ሐበሻ ሴቶችን ወረቀት ሳይጠይቁ እንደሚያዋልዱ ሰምቼ ስለነበር አንድ ቀን ሐጁን አማከርኳቸው። በሳምንቱ አዋላጇ በዚያው ሞተር፣ ከባላቸው ኋላ በጎን ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቡሪ ድረስ መጡ። እትዬን መረመሯት፤ ምጥ ሲጀምር ደውሉልኝ አሉ። እትዬ ከዚያን ቀን በኋላ እንቅልፍ አገኘች።

ችግሩ ሞተሩ ላይ ነበር። ሐጁና አዋላጇ የሚኖሩት ኦምዱርማን ነው፤ እትዬ ያለችው ከወንዙ ማዶ። ሞተሩ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ድልድዩ መሃል ሲደርስ መጥፋት ጀመረ።

ገበያው ውስጥ ሲዞሩበት ምንም አይለውም። ልክ ድልድዩ ላይ ወጥተው ግማሽ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ትክ ትክ ይልና ዝም። አሥር ደቂቃ ቆመው ሲረግጡት ይነሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ እኛ አመጡት። ሙዓለሙ ሽቦውን ከተተ፣ ነፋ፣ ኳ ኳ አደረገ፣ ተነሳ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሁልጊዜም ይነሳል። በሦስተኛው ጊዜ አዋላጇ ከኋላ ነበሩ። ምጥ ወደያዛት ሴት እየሄዱ ስለነበር ወርደው ቦርሳቸውን ይዘው በቀትር ፀሐይ ድልድዩን በእግራቸው ጨረሱት። ሲደርሱ ልጁ ተወልዷል። እናትም ልጅም ደኅና ነበሩ። አዋላጇ ግን ባላቸውን ሁለት ቀን አላናገሩም።

ሐጁ ይህን እየሳቁ ነበር የነገሩን። እኔ ግን የእትዬ ወር ገብቶ ስለነበር መሳቅ አልቻልኩም።

መልሱ የመጣልኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ራሱ ድልድዩ ላይ ሳለ ነው። ሾፌሩ ከገበያው እስከ ድልድዩ አፍ ሲረግጥና ሲለቅ ቆየ፤ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ግን እግሩን አንድ ቦታ አሳረፈና እስከ ማዶ አላነሳም። ሐጁም እንደዚያ ነው የሚነዱት። ገበያ ውስጥ ጋዝ ሰጥተው ወዲያው ይለቃሉ። ሳይለቁ ረጅም ጊዜ የሚይዙት ድልድዩ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ቋቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ማለት ነው። ቤንዚኑ በኃይል ሲሳብ አብሮ ይሳብና ትልቋን ቀዳዳ ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ ያ ነገር ተመልሶ ወደ ታች ይወድቃል። ጋራዥ ሲደርስ ቀዳዳው ክፍት ነው። ሽቦው የሚያገኘው ነገር የለም። ሽቦው አዳነው ብለን የምናስበው ሞተር በመንገድ ላይ ራሱን አድኖ የመጣ ነው።

ይህን ሳስብ ሌላም ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

ጋራዡ በገባሁ በመጀመሪያው ወር የዚያው ሞተር ቋት ቤንዚን ያንጠባጥብ ነበር። ቋቱ ከላይኛው አካል ጋር የሚገጥምበት ቀጭን የጎማ ቀለበት አለ፤ ጓርኒሲዮን እንለዋለን። ከሥሩ አሸዋ ገብቶ በደንብ አልተኛም ነበር። ሙዓለሙ ቀዩን ሲሊኮን ወረወረልኝና ቀባው አለኝ። ከዚያ በፊት መጥረጊያ እንጂ መፍቻ አልሰጠኝም ነበር። ጥንቃቄ ማለት ብዙ መቀባት መሰለኝ። ዙሪያውን ወፍራም አድርጌ፣ አንድም ቦታ ሳልዘል ቀባሁት። ማንጠባጠቡ ቆመ። ሙዓለሙ አይቶት «ይህ ልጅ እጅ አለው» አለ። ያ ምስጋና ለብዙ ወራት ስንቄ ነበር።

በማግስቱ ሙዓለሙን ካርቡሬተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቼ እንዳጥበው ፍቀድልኝ አልኩት። ምን ያህል ይፈጃል አለኝ። ግማሽ ቀን አልኩት። ጎረቤት ያሉትን ጎማ ነፊዎች ጠርቶ እንደገና አስደገመኝ።

«ይህ ሐበሺ» አላቸው፣ «ሞተር አይጠግንም። ጀናዛ ነው የሚያጥበው።»

ሬሳ አጣቢ መባሌን ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ለሐጁ ስልክ ደውሎ ሐሙስ ጠዋት በጊዜ አምጡት አላቸው።

ሐሙስ ከቤት ስወጣ እትዬ በሯ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሸች ነበር። ልቅር ወይ አልኳት። «አብሽር፣ ገና ነው። ሂድና ያንን አህያ አክመው» አለችኝ። ሞተሩን አህያ ነው የምትለው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሐጁ መጡ። ያረጀ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ አነጠፍኩ። በከሰል አራት ማዕዘኖች ሠርቼ ቁጥር ጽፌባቸው ነበር፤ የወጣ ዕቃ ሁሉ በወጣበት ተራ ይቀመጣል። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ነጠልኩት። የቋቱ ቡሎኖች በሲሊኮኑ ተይዘው ስለነበር ልካቸው የሆነውን ካቻቢቴ መረጥኩ፣ በመዳፌ ወደ ታች ተጫንኩ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጭንቅላታቸው ቢላጭ ሥራው በዚያው ይቆም ነበር። አራቱም ወጡ።

ቋቱን ከፈትኩት። በዙሪያው ቀዩ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ቤንዚን ጠጥቶ አብጧል፤ ስነካው እንደታኘከ ማስቲካ ይሳባል። ታች ደለል ሆኖ የተኛ አሸዋ አለ። በአሸዋው ላይ የምስር ክክ የሚያካክሉ ሁለት ቀይ ፍርፋሪዎች።

ትልቋን የነሐስ ቡሎን ፈትቼ አንድ ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ሰካኋት። በሻይ ብርጭቆ ቤንዚን ቀዳሁ፤ አንዷን ፍርፋሪ ጨመርኩበት። ቡሎኗን ብርጭቆው ውስጥ ነክሬ ቱቦውን ቀስ ብዬ በአፌ ስስብ ፍርፋሪዋ ከታች ነቅነቅ አለች። ጠንከር አድርጌ ስስብ ተነሥታ ቀዳዳው ላይ ልጥፍ አለች። መሳቤን ተውኩ፤ ወደቀች። ደገምኩት። ተነሣች፣ ተለጠፈች፣ ወደቀች። ሙዓለሙ በእኔ ፋንታ ሊስብ ሞክሮ ቤንዚን ጉሮሮው ገብቶ ሲያስል ቆየ።

መናገር ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ቢሆን ያስቸግረኝ ነበር።

«ሐጅ» አልኳቸው፣ «ይህን ቀይ ነገር የቀባሁት እኔ ነኝ። ያኔ ያንጠባጥብ በነበረ ጊዜ። አብዝቼ ቀባሁት።»

ሙዓለሙ አፉን እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሐጁ ፍርፋሪዋን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ወደ ብርሃኑ አቀረቧት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጠቀለሏት።

«ሚስቴ ነዳጅ መሙላት ረስተህ ነው ያቆምከኝ ብላ ነው ሁለት ቀን የዘጋችኝ» አሉ። «ይህቺን አሳያታለሁ።»

ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። ያን ያህል ይከብድ እንደነበር ያወቅኩት ሲወርድ ነው።

ከዚያ ሥራው ብቻ ቀረ። ሲሊኮኑን በእንጨት ስንጥር እየላጥኩ፣ ከታጠፈበት ሁሉ እየለቀምኩ አወጣሁት። ብረቱን ላለመጫር ቢላ አልነካሁም። በጎን ያለችውን የአየር ማስተካከያ ቡሎን ከመፍታቴ በፊት ወደ ውስጥ እስክትቆም ስንት ዙር እንደምትገባ ቆጠርኩ፤ አንድ ዙር ተኩል። ጻፍኩት። ሁሉንም ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ለቀዳዳዎቹ ሽቦ ሳይሆን ከጽዳት ብሩሽ የነቀልኩትን የናይሎን ጭራ ተጠቀምኩ። ከዚያ ጎማ ነፊዎቹ ዘንድ ወስጄ በመንፊያቸው እያንዳንዱን መተላለፊያ ከሁለቱም ጫፍ አስነፋሁ። ነሐሶቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አቅንቼ በአንድ ዓይኔ አየሁ። በቀዳዳው ውስጥ ክብ ብርሃን ካላየሁ መልሼ እዘፈዝፋለሁ። ትንሿ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። በአራተኛው ክብ ሆነች፤ ከዳር እስከ ዳር የጠራች።

ይህን አይቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። በግቢያችን የምትኖር ሌላ ጎረቤት ናት። የእትዬ የእንሽርት ውሃ ፈሷል፤ ምጡ ጀምሯል፤ ገና የተራራቀ ነው አለችኝ። እትዬ ከኋላ ስትናገር ይሰማል፤ እንዳይደናገጥ በይው ትላለች።

አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሞተሩ አንሶላ ላይ በቁጥር ተበትኗል።

ሐጁ ለባለቤታቸው ደወሉ፤ ተዘጋጂ አሏቸው። ሌላ መጓጓዣ እንፈልግ ብለን ነበር። ያን ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ አውቶቡሶቹ ማደያ ላይ ተሰልፈዋል። ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ድልድዩን እንዲሻገር አይፈቀድለትም። ጋራዡ ያሉት ሌሎች ሞተሮችም ገና ያልተጠገኑ ነበሩ። የሚሻለው ይህንኑ መግጠም ነበር። መዳፌን ጭኔ ላይ ጠርጌ ጀመርኩ። ትልቋ፣ ትንሿ፣ መርፌዋ፣ ተንሳፋፊው። ሁሉም ከየቁጥሩ ተነሥቶ ቦታው ገባ። መጨረሻ ላይ የጎማ ቀለበቷ ቀረች።

ቀለበቷ አልገባ አለች።

ገበያው ውስጥ አዲስ ፈልጌ ለዚያ ሞተር የሚሆን ስላጣሁ አሮጌዋን አጥቤ ልመልሳት ነበር ያሰብኩት። ከሌሎቹ ጋር ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌያት ነበር። ጎማ ቤንዚን ሲጠጣ እንደሚያብጥ አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ የሣልኩት ካርቡሬተር ቀለበት አልነበረውም፤ ሲጣል ጠፍቶበት ነበር። አሁን ቀለበቷ ከመቀመጫዋ በጣት ውፍረት ያህል በልጣ፣ በአንድ በኩል ስጫናት በሌላ በኩል ትወጣለች። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው አቆምኩ፤ ብትቆነጠጥ ትቆረጣለች።

ሙዓለሙ ተነሥቶ የሲሊኮኑን ቱቦ አንሶላው ጫፍ ላይ አስቀመጠልኝ። ክፋት አልነበረውም። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። በስሱ ብቀባው፣ ዛሬን ብቻ ቢያደርስ፣ ነገ መልሼ ባወጣው አልኩ በልቤ። ቱቦውን አነሣሁት፤ ክዳኑንም ፈታሁት። ነገር ግን ሲሊኮን ሳይደርቅ ቤንዚን ከነካው መቼ ምን ያህሉ እንደሚላቀቅ አላውቅም። ድልድዩ መሃል ሊሆን ይችላል። እትዬን በማላውቀው ነገር ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

«ቀለበቷ መድረቅ አለባት» አልኩ።

«ስንት ሰዓት?» አሉ ሐጁ።

«አላውቅም።»

ሐጁ ተቀመጡ። ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀ ደንበኛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ሙዓለሙ ቀለበቷን ከእጄ ነጠቀኝ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ወደነበረ ሌላ ሞተር ሄደና ጥቁር የቆዳ መቀመጫው ላይ ዘረጋት። ቀትር ሲቃረብ በዚያ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ሱሪ አልፎ ያቃጥላል። በየአምስት ደቂቃው ራሱ ሄዶ እየገለበጣት «ደህና ጠብሰናት ብንበላትስ?» ይላል። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ግን መናገሩን አላቆመም። እንድስቅለት ሳይሆን እንዳልፈራ ይመስለኛል።

ጎረቤታችን ሁለቴ ደወለች። ምጡ ተቀራርቧል አለች።

በሩብ ሰዓቱ ሞከርኩ፤ እምቢ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ግማሿ ገብታ ግማሿ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሰዓት ማየት ተውኩ። ሙዓለሙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያመጣት ትኩስ ነበረች። ከአንዱ ጥግ ጀምሬ በአውራ ጣቴ እየተከተልኩ ዞርኳት፤ መነሻዬ ላይ ስደርስ ምንም ትርፍ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ ተኝታለች።

ቋቱን ገጠምኩ። ቡሎኖቹን በአንድ ጎን ሳላጠብቅ፣ በማዕዘን በማዕዘን እያቀያየርኩ አጠበቅኩ። ካርቡሬተሩን መልሼ ሰቅዬ ቤንዚኑን ከፈትኩና ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ ያዝኩ። ሃምሳ ቆጠርኩ። ጋዜጣው ደረቅ ነው። ሐጁ ረገጡ፤ አልተነሣም። ሁለተኛ ረገጡ፤ አልተነሣም። ባዶ ቋት እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። በሦስተኛው ተነሣ።

እንደዚያ ቆሞ ሲንተከተክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። ሐጁ ሊነዱት ሲሉ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ያዝኳቸው። ድልድዩን ለመሻገር የሚበቃ ያህል ጋዙን ግማሽ ላይ ይዤ ሦስት መቶ ቆጠርኩ። መንገዱ ሙሉ ሰደበን። አልጠፋም።

«ያላ፣ ሂዱ» አለ ሙዓለሙ። ሐጁ መቆንጠጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ከዚህ ቀደም ሞተሩ ሲጠፋባቸው ሐጁ ከድልድዩ ላይ ወደ እኔ ደውለው ሙዓለሙን ይራገማሉ። ስልኬን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አዋላጇን ከቤት ለማንሳት ይህን ያህል፣ ድልድዩ አፍ ለመድረስ ይህን ያህል ብዬ አሰላሁ። አሁን ወጥተዋል። አሁን መሃል ላይ ናቸው። ሙዓለሙ የሌላ ሰው ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን መፍቻው አይንቀሳቀስም። እሱም ስልኩን እያየ ነበር። አልጮኸም። አሁን ማዶ ናቸው። አልጮኸም። በመጨረሻ ሲጮኽ ጎረቤታችን ነበረች።

«ሞተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ገብተዋል» አለች።

ሙዓለሙን በአረብኛ ደርሰዋል አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ መፍቻውም ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ ተነሥቼ አንሶላውን አጠፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ደግሞ ሴት ልጅ፣ ሁለቱም ደኅና የሚል ስልክ መጣ። የሚገርመው ደርሰዋል በተባለ ጊዜ የተሰማኝን ያህል እፎይታ ያኔ አልተሰማኝም። የእኔ ድርሻ ድልድዩ ላይ አልቆ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አዋላጇና ሐጁ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጋራዡ ፊት ቆሙ። ሞተሩን አላጠፉትም። አዋላጇ ከኋላ እንደተቀመጡ የተከናነቡትን ቶብ ከፊታቸው ገለጥ አድርገው የቱ ነው የቀባው ብለው ጠየቁ። ሐጁ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ለስድብ ተዘጋጀሁ።

«ድልድዩ ላይ በወጣን ቁጥር ለዚህ ሞተር ዱዓ ሳደርግ ነበር የምሻገረው» አሉኝ። «ዛሬ ለልጅቷ ለማድረግ ጊዜ አገኘሁ።»

ሐጁ ጋዝ ሰጡና ሄዱ። ድምፁ ገበያው ውስጥ እስኪጠፋ ሳይቆራረጥ ተሰማኝ።

ቡሪ ስደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። እጄን በቧንቧው ሥር በሳሙና ታጠብኩ፣ በአሸዋ ፈትጌ እንደገና በሳሙና ታጠብኩ። የቤንዚኑ ሽታ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ወደ ክፍሏ ሳልገባ በሯ ላይ ተቀመጥኩ። እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ አልኳት። እትዬ ጋደም ብላ ነበር፤ ድካሟ ድምፅዋን አቅጥኖታል።

«ምነው ገረጣህ? የወለድክ አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ልጅቷን በጨርቅ እንደተጠቀለለች ወደ በሩ በኩል አዙራ አሳየችኝ። እንድታቅፋት ግባ አለችኝ። እጄ ይሸታል፣ ነገ አልኳት። ግድግዳውን ተደግፌ የሁለቱን ትንፋሽ ሰማሁ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። እንቅልፍ እዚያው በሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ወሰደኝ። ጎረቤታችን ቆይታ ስትነግረኝ ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኾ ነበር። የእትዬ ባል ነበር፤ የእሷን ስልክ የሚያነሳለት ቢያጣ ከሰሜን ወደ እኔ ደውሎ። አልሰማሁትም። አንስታ እሷ አብስራዋለች።